የአባት ቁልፍ

ወደ አሜሪካ ዘመድ የሸኘ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሎሜ የምትባል ከተማ መኖሯን ያውቃል። «አሁን ሎሜ ደርሰናል፤ ነዳጅ እየተሞላ ነው፤ አትውረዱ ተብለናል» የሚል መልእክት ያልደረሰው ቤተሰብ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዓመታት ወደ ኒውዋርክ የሚያደርገውን በረራ በዚያች ከተማ በኩል ሲያሳልፍ ኖሯል፤ አስካይ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ አየር መንገድም እዚያው ሎሜ ላይ ተክሎ በሽርክና ያሠራል። ስለዚህ እናውቃታለን፤ የምናውቃት ግን በአውሮፕላን መስኮት ነው። አክስቴማ እስከ ዛሬ «ሎሚ» ነው የምትላት።

አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ቦታ ስሙ «ኛሲንግቤ ኤያዴማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ» ይባላል። የአባት ስም ነው። አዲሱን ተርሚናል በ2016 የመረቀው ደግሞ ልጅየው፣ ፎር ኛሲንግቤ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ልጅ ነው። (ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ አላደክማችሁም። ሁለተኛ፣ አንቱታውን ለአባትየው ሰጥቼዋለሁ። ፎርን ግን በዕድሜ ቢበልጠኝም «እሱ» ነው የምለው። አባቱን ተክቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ልጅ ነው።)

«ከስንቱ ቤታችን ጉዳይ ቶጎን ምን አመጣት?» ትሉኝ ይሆናል። ያመጣት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና አዲስ አበባ መጥቶ አንድ ወር አብሮን የከረመ የሎሜ ልጅ ነው። እኩያዬ ነው፤ የ1990 ልጅ። ቦሌ አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን ስለ ፖለቲካ ስንጫወት (ማለት እኔ ስጫወት፣ እሱ ዙሪያውን ሲያይ) በሕይወቴ የማውቀው አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው አለኝ። ቀጠለና፣ አባቱ የተወለዱት አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1960 እንደሆነ፣ የ7 ዓመት ልጅ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ እሳቸውም የሚያውቁት ያንኑ ስም እንደሆነ ነገረኝ። ምሬት አልነበረበትም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚያወራው። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

ታሪኩ የሚጀምረው በግድያ ነው። ጥር 13 ቀን 1963 ሌሊት የቶጎ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ከወታደሮች ሸሽተው ሎሜ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ወታደሮቹ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ያገለገሉና ከተቀነሱ በኋላ በአዲሷ አገር ጦር ቦታ የተነፈጉ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ያን ጊዜ ሳጅን የነበሩት ኤያዴማ ናቸው። አራት ወር ቆይቶ፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ የቶጎ ወንበር ባዶ ነበር። በፕሬዚዳንት ደም ላይ የቆመውን መንግሥት እንቀበል አንቀበል በሚለው ጭቅጭቅ የተነሳ ነው። ድርጅቱ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው፤ ጥያቄው ዛሬም እዚሁ ከተማ፣ ሳር ቤት አካባቢ፣ በየስብሰባው ይነሳል።

ኤያዴማ ራሳቸው ሥልጣን የያዙት ልክ በአራተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1967 ነው። ከዚያ 38 ዓመት ቆዩ። በ1974 ሳራካዋ ላይ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ወድቆ እሳቸው ተርፈዋል፤ አደጋው የፈረንጆች ሴራ ነው ተባለ፤ ቦታው የሐጅ ስፍራ ያህል ሆነ። እንደ ጀግና የሚያሳያቸው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ እንኳ በ1970ዎቹ ታትሟል። ሌላውን እዝለለዋለሁ፤ የዚያ ዘመን አምባገነን ሁሉ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ሐውልት፣ ዘፈን፣ አንድ ፓርቲ።

ልጅየው ሰኔ 1966 ተወለደ። ፓሪስ ተማረ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ላይ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደር ማስተርሱን ሠራ፤ ተመልሶ የአባቱን የገንዘብ ጉዳይ ይከታተል ጀመር። በ2002 የፓርላማ አባል፣ በ2003 ሚኒስትር ሆነ፤ ማዕድንና ቴሌኮሙኒኬሽን ሁሉ በእጁ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኤያዴማ በ1999 ሎሜ ላይ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ባሉበት፣ በ2003 ከሥልጣን እወርዳለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። በታኅሣሥ 2002 ግን በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ የሁለት ዘመን ገደቡ ተነሳ። ያ ለአባትየው ነው። በዚያው ማሻሻያ ለፕሬዚዳንትነት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ45 ወደ 35 ወረደ። ያን ጊዜ ፎር 36 ዓመቱ ነበር። ልብስ ሰፊ እንኳን እንደዚህ ልክ አይወስድም።

እንግዲህ የካቲት 5 ቀን 2005 መጣ። ኤያዴማ ለሕክምና ወደ ውጭ እየተወሰዱ ሳለ አውሮፕላን ላይ አረፉ። በሕጉ መሠረት ሥልጣኑን በጊዜያዊነት የሚረከበው የፓርላማው አፈ ጉባኤ ፋምባሬ ናቻባ ነበር፤ በ60 ቀን ውስጥ ምርጫ መካሄድ ነበረበት። ናቻባ አውሮፓ ነበር። ሲመለስ ድንበሩ ተዘግቶ የተሳፈረበት አውሮፕላን ጎረቤት አገር ቤኒን አረፈ። ሰውየው ኮቶኑ ቁጭ ብሎ ሳለ ጄኔራል ዛካሪ ናንጃ በቴሌቪዥን ወጥተው ጦሩ ለፎር ታማኝነቱን መስጠቱን አወጁ። በማግሥቱ ፓርላማው ናቻባን ሽሮ ፎርን አፈ ጉባኤ አደረገው፤ ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት እስከ 2008 ድረስ የአባቱን ቀሪ ዘመን እንዲጨርስም ሕገ መንግሥቱን አሻሻለው። ያው ሕገ መንግሥት ሥልጣን ክፍት በሆነበት ወቅት ማሻሻያ ማድረግን ይከለክል ነበር። ይህ ሁሉ ያለቀው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሰኞ ቃለ መሐላ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ቤት ላውራ፤ ከዚህ ታሪክ የተጣበቅሁበትን ምክንያት ያለዚያ ማስረዳት አልችልም።

አባቴ መርካቶ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። አንድ ክረምት ላይ ድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ለሦስት ቀን አላወራም። እህቴ ታላቄ ናት፤ የሱቁን የዱቤ ደብተር ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የምትይዘው እሷ ናት፤ ማን ስንት እንዳለበት በቃሏ ታውቃለች። ያን ሰሞን የጓደኛዋ ሠርግ ሐዋሳ ሄዳ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ለ19 ዓመት አብሮት የሠራው ሰውዬ፣ መጋዘኑን ያከራዩን ሰውና ትልቁ አበዳሪያችን ሦስቱ አብረው ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ መጡ። ሻይ ጋበዙኝ። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ያዝ፤ ወንድ ልጅ አይደለህ?» አሉኝ። የ24 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሦስት ሩብና የአንድ ኢንች ቧንቧ እንኳ አልለይም ነበር። እነሱም ይህን ያውቃሉ። «እህቴ ነገ ትመጣለች» ብላቸው አበዳሪው «እሷማ አዋቂ ናት» አለ፤ ቃናው ግን ምስጋና አልነበረም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር በኋላ ቶጎን ሳነብ ጎልቶ አየሁት። ወራሽን የሚመርጠው ሟች (አባቴስ ድኗል፤ ተመስገን) አይደለም። ወራሹም ራሱን አይመርጥም። የሚመርጡት በአሮጌው ሰው ጥላ ሥር ሲኖሩ የነበሩና ጥላው ሲነሳ ደብተሩ ይገለጣል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ለሠራተኛው፣ ለአከራዩ፣ ለአበዳሪው እኔ የምመቸው ስለማላውቅ ነው። እህቴ ግን ታውቃለች። የሎሜም መኮንኖች ያን ሌሊት ሰብሰብ ሲሉ «አገሪቱን ማን ይምራት?» ብለው የተጨነቁ አይመስለኝም። 38 ዓመት ሙሉ ጦሩ ከአንድ ሰውና ከአንድ አካባቢ፣ ከሰሜኑ የካብዬ ሕዝብ፣ ጋር ተቆራኝቶ የተገነባ ነው። ጥያቄው «እኛስ ምን እንሆናለን?» የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱን የሚያውቀው ሰውዬ ኮቶኑ ቀርቷል። እነሱ የፈለጉት ስሙን ነው፤ ስሙ ያለው ደግሞ ልጅየው ጋ ነበር።

(እህቴ በሦስተኛው ቀን በሌሊት አውቶቡስ ገብታ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። መርካቶ ድንበር መዝጋት አይቻልም።)

ወደ ሎሜ ልመለስ። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት አልፋ ኡመር ኮናሬ ከአዲስ አበባ ሆነው ነገሩን በስሙ ጠሩት፤ ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ነው አሉ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኢኮዋስ ማዕቀብ ጣለ። ሕጋዊ መሠረታቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ሕገ መንግሥታዊ ያልሆነ የመንግሥት ለውጥን የሚያወግዘው መግለጫ፣ የሎሜ መግለጫ የሚባለው። በሐምሌ 2000 የወጣው ሎሜ ላይ በተደረገ የመሪዎች ጉባኤ ሲሆን አስተናጋጁ ኤያዴማ ነበሩ። አባት በድግሱ ላይ የፈረሙበት ወረቀት አምስት ዓመት ቆይቶ ልጁ ላይ ተመዘዘ። አንድ ሰው ይህን ልብ ወለድ አድርጎ ቢጽፈው «አጋነንክ» እንለው ነበር።

ፎር የካቲት 25 ቀን ለቀቀ። ቦንፎ አባስ የሚባል ሰው በጊዜያዊነት ተቀመጠ፤ በሚያዝያ 24 ምርጫ ተደረገ፤ ፎር 60 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ ተባለ። ወታደሮች የድምፅ ኮሮጆ ይዘው ሲሮጡ የሚያሳይ ምስል ዓለም አይቷል። ውጤቱ ሲነገር ሎሜ ተቃጠለች። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ቡድን በኋላ ባወጣው ሪፖርት የሟቾችን ቁጥር ከ400 እስከ 500 ገምቷል፤ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ጋናና ወደ ቤኒን ተሰደደ። እኔ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይህ ነው። የየካቲቱ መፈንቅለ መንግሥት ተወግዞ ተቀለበሰ፤ የሚያዝያው ምርጫ ግን በዚያ ሁሉ ደም መሀል አለፈ። ልጁ ቃለ መሐላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈጽም ማዕቀብ የጣለበት አልነበረም። በመስኮት ሲገባ ተይዞ በበር እንዲገባ የተነገረው ሰው በሩን ሰብሮ ቢገባ ማን ይጠይቀዋል?

«እሱ እሱ ነው፤ እኔ እኔ ነኝ» ይላል ፎር ስለ አባቱ፤ የታወቀች አነጋገሩ ናት። ፍርድ እንዳይጓደል፣ በከፊል እውነት አለው። እንደ አባቱ ሐውልትና ጭፈራ አይወድም፤ ብዙ አይናገርም፤ አይታይም። በ2009 የሞት ቅጣትን አስቀርቷል። የአባቱን ፓርቲ በ2012 አፍርሶ ዩኒር የሚባል በስሙ አዲስ የሆነ ፓርቲ መሥርቷል። የሎሜ ወደብ ከአካባቢው ትላልቅ የኮንቴይነር ወደቦች አንዱ ሆኗል። በኮሮና ዘመን፣ በ2020፣ ኖቪሲ በሚባል ዘዴ ሥራ ለቆመባቸው ዜጎች በሞባይል ገንዘብ ሲላክ ዓለም አድንቆታል። የሎሜው ጓደኛዬም ለሞተር ታክሲ ነጂው አጎቱ ገንዘቡ እንደደረሰው ነግሮኛል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ግን የወራሽ ሕይወት ከውጭ እንደሚታየው አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ሌሎች ልጆች አሉ። ኤያዴማ የበርካታ ልጆች አባት ነበሩ። ክፓቻ የሚባለው የእንጀራ ወንድሙ በ2005 የመከላከያ ሚኒስትር ነበር፤ በጦሩ ዘንድ ተወዳጅ ነው ይባልለታል። በ2007 ከሚኒስትርነቱ ወረደ። በሚያዝያ 2009 ደግሞ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥሮ ሲፈለግ ጥገኝነት ልጠይቅ ብሎ የሮጠው ወዴት መሰላችሁ? ወደ አሜሪካ ኤምባሲ። በ1963 ኦሊምፒዮ ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሸሹት ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ነበር፤ 46 ዓመት ቆይቶ የኤያዴማ ልጅ ከኤያዴማ ልጅ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሄደ። እዚያው ተያዘ፤ በ2011 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሌላም ወራሽ አለ። የተገደሉት ፕሬዚዳንት ልጅ ጊልክሪስት ኦሊምፒዮ ዕድሜውን ሙሉ አባቱን ከገደለው ሥርዓት ጋር ሲታገል የኖረ ነው። በ1992 አድፍጠው ተኩሰውበት ቆስሎ ተርፏል። በ2005 ምርጫ አገር ውስጥ ስላልኖረ መወዳደር አይችልም ተባለ፤ ውጭ የኖረው ግን ሊገድሉት ስለፈለጉ ነው። ተቃዋሚዎችም የሚያስቡት በስም ነበር፤ የኦሊምፒዮ ልጅ ካልሆነ ማን? ከዚያ በ2010፣ ፎር ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጊልክሪስት ከእሱ ጋር ተስማምቶ ፓርቲውን ይዞ መንግሥት ውስጥ ገባ፤ 7 የሚኒስትር ቦታ ተሰጣቸው። ዣን-ፒየር ፋብር የተቃወሙትን ይዞ ወጣና ሌላ ፓርቲ አቋቋመ። የገዳይ ልጅና የተገዳይ ልጅ ታረቁ ብሎ የሚደሰት ይኖራል። ጓደኛዬ ግን ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። እርቁ የሁለት ቤተሰብ ነው፤ እኛን ማን ጠየቀን አለ። በ2005 ሠፈሩ ውስጥ ሲተኮስ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ የጎረቤታቸው ልጅ ወጥቶ አልተመለሰም። በየትኛውም ስምምነት ላይ የዚያ ልጅ ስም አልተጠራም።

ከዚያ ወዲያ ያለው በፍጥነት ይነገራል። በ2015 ሦስተኛ ምርጫ። በነሐሴ 2017 ቲክፒ አቻዳም የሚባል፣ ስሙ ከሁለቱም ቤተሰብ ያልሆነ፣ የሰሜን ሰው ሕዝቡን አደባባይ አወጣ፤ የ1992ቱ ሕገ መንግሥት ይመለስልን ሲባል ኢንተርኔት ተቋረጠ። (ኢንተርኔት መቋረጥ ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ አላብራራም።) የኢኮዋስ ፍርድ ቤት በ2020 መቋረጡ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈርዷል። በ2019 የሁለት ዘመን ገደብ ተመለሰ፤ ግን ወደኋላ አይቆጠርም ተባለ። ስለዚህ ፎር ከዜሮ ጀመረ፤ በ2020 ተመረጠ፤ እስከ 2030 መንገዱ ክፍት ነበር።

ያም አልበቃውም። በሚያዝያ 2024 ፓርላማው ሌላ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ ሕዝብ አልተጠየቀም። በአዲሱ ሥርዓት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ግን እንግዳ ከመቀበል ያለፈ ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ያለው «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት» የሚባለው ሰው እጅ ሲሆን እሱም በፓርላማ አብላጫ ያለው ፓርቲ መሪ ነው። የዘመን ገደብ የለበትም። በወሩ መጨረሻ ምርጫ ተደርጎ ዩኒር ከ113 መቀመጫ 108ቱን ወሰደ። ግንቦት 3 ቀን 2025 ፎር አዲሱን ወንበር ተረከበ፤ የፕሬዚዳንትነቱ ማዕረግ የ86 ዓመቱ አዛውንት ዣን-ሉሲየን ሳቪ ዴ ቶቬ ሆነ።

አባቶቻቸውን ከተኩ ሌሎች መሪዎች ጋር ሳነጻጽረው ይህ ልጅ ከሁሉም ይለያል። በ2001 አባቱ ሲገደል በ29 ዓመቱ ኮንጎን የተረከበው ጆሴፍ ካቢላ በ2019 ወጣ፤ በ2025 ወታደራዊ ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈረደበት። የጋቦኑ አሊ ቦንጎ በ2023 በገዛ ዘቦቹ ወረደ። ፎር ሁለቱንም አይቷል። እነሱ ወንበራቸው ላይ ሙጭጭ ሲሉ እሱ ከወንበሩ ተነስቶ ሥልጣኑን ይዞ ወደ ሌላ ወንበር ዞረ። የአፍሪካ ኅብረትም በዚያው ሚያዝያ 2025 የምሥራቅ ኮንጎን ጦርነት እንዲሸመግል ሾሞታል። በ2005 ከአዲስ አበባ «መፈንቅለ መንግሥት» የተባለበት ልጅ፣ በ20 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ሽማግሌ ተባለ።

በሰኔ 2025፣ ልክ በልደቱ ቀን፣ ወጣቶች ሎሜ ላይ አደባባይ ወጡ። አምሮን የሚባል ራፐር መንግሥትን በመተቸቱ ተይዞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ የመብራት ዋጋም ጨምሮ ነበር። በወሩ መጨረሻ እንደገና ሲወጡ ቢያንስ 7 ሰው መሞቱን ሲቪል ማኅበራት ተናግረዋል፤ አስከሬኖች ከውሃ ውስጥ ወጡ፤ መንግሥት ሰምጠው ነው አለ። ለጓደኛዬ «ደህና ነህ?» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ ከአራት ቀን በኋላ መጣ፤ ደህና ነኝ፣ ቤት ነኝ የሚል።

በቅርቡ ደግሞ ስለ ልጁ ጻፈልኝ። ልጁ አንደኛ ክፍል ነው። ቤት ቁጭ ብለው የአገራቸውን ፕሬዚዳንት ስም ያስጠናዋል፤ «ሳቪ ዴ ቶቬ» አለ ልጁ፤ ትክክል ነው አለው። ከዚያ ልጁ ግድግዳ ላይ ያየውን ሌላ ፎቶ አስታውሶ «ታዲያ ያኛው ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛዬ ለልጁ ምን ብሎ እንደመለሰለት አልጻፈልኝም።